ቢድ፦ እስከ መጨረሻው እስትንፋሱ ወንጌልን የተረጎመ መምህር



ፓስፖርት ለማውጣት ወይም አንድ ቅጽ ለመሙላት ስትቀመጡ የልደት ቀናችሁን በሁለት አቆጣጠር መጻፍ ግድ ሆኖባችሁ ያውቅ ይሆናል። አንዱ ዓመተ ምሕረት የምንለው የራሳችን አቆጣጠር ነው፤ ሌላው እ.ኤ.አ. ብለን የምንጽፈው ነው። ሁለቱም ዓመትን የሚቆጥሩት ጌታ ሥጋ ከለበሰበት ጊዜ ተነስተው ነው። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት የመጣው የጥንት ሊቃውንት ያንን ዓመት ያሰሉበት መንገድ ስለተለያየ ነው። የእኛው የእስክንድርያን ስሌት ይከተላል፤ የምዕራቡን ደግሞ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ሮም የነበረ ዲዮናስዮስ የተባለ መነኩሴ አወጣው። ይህ ስሌት በምዕራቡ ዓለም የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ እንዲለመድ ትልቁን ድርሻ ያበረከተው ግን ዕድሜውን ከሞላ ጎደል በሰሜን እንግሊዝ ገዳም ውስጥ ያሳለፈ ቢድ የሚባል መምህር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዓለም ቢድን የሚያውቀው በዘመን አቆጣጠሩና በታሪክ መጽሐፉ ነው። እኔ ዛሬ በተለይ ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ሲሞት በእጁ ስለነበረው ሥራ ነው።

ቢድ የተወለደበት ሕዝብ

አንግሎ ሳክሶኖች ከ5ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከዛሬዎቹ ሰሜን ጀርመንና ዴንማርክ ባሕር ተሻግረው ወደ ብሪታንያ የገቡ ሕዝቦች ናቸው። ዎደን፣ ቱኖርና ቲው የሚባሉ አማልክትን ያመልኩ ነበር። ነገሥታቱም የዘር ሐረጋቸውን እስከ ዎደን ድረስ ይቆጥሩ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ በእንግሊዝኛ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ የሚጠሩት በእነዚሁ አማልክት ስም ነው።

ይህ ሕዝብ ታሪኩንና የጀግኖቹን ገድል የሚይዘው በግጥም ነበር። ግጥማቸው እንደ እኛ ግጥም በስንኙ መጨረሻ ላይ ቤት አይመታም። እያንዳንዱ ስንኝ ለሁለት ይከፈልና በተመሳሳይ ድምፅ የሚጀምሩ ቃላት ሁለቱን ክፍሎች ያስተሳስሯቸዋል። በግብዣ ላይ በገና ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሁሉም በየተራው ያዜማል። ቋንቋቸው በልባቸው ውስጥ የነበረውን ስፍራ ከዚህ መረዳት ትችላላችሁ።

ወንጌል ከሮም ተልኮ በ597 ኬንት ወደሚባለው የደቡብ ግዛት ደረሰ። የሰሜኑ የኖርተምብሪያ ንጉሥ ኤድዊን ደግሞ በ627 ተጠመቀ። ቢድ እንደሚተርከው ንጉሡ ከመወሰኑ በፊት መኳንንቱን ሰብስቦ ሲመክር አንዱ የሰውን ሕይወት በድንቢጥ መሰለው። ክረምት ነው፤ በአዳራሹ ውስጥ እሳት ይነዳል፤ ውጭው ዝናብና በረዶ ነው። ድንቢጧ በአንዱ በር ገብታ በሌላው ትወጣለች። ለቅጽበት ሙቀት ታገኛለች፤ ከየት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ ግን የሚያውቅ የለም። አዲሱ ትምህርት ስለዚህ የሚነግረን ነገር ካለ እንስማው የሚል ነበር የመኰንኑ ምክር።

ኤድዊን በ633 በጦርነት ሲሞት ሥራው ተበተነ። ከእርሱ በኋላ የነገሠው ኦስዋልድ ግን በስደት ከአየርላንድ ክርስቲያኖች ጋር ኖሮ ስለነበር ከእነርሱ ዘንድ አስተማሪ ላኩልኝ አለ። በ635 አይዳን የሚባል ትሑት የእግዚአብሔር ሰው መጣለት። ችግሩ አይዳን እንግሊዝኛ በደንብ አለመቻሉ ነበር። ታዲያ ማን ቢያስተረጉምለት ጥሩ ነው? ንጉሡ ራሱ! ኦስዋልድ በስደቱ ዘመን የአየርላንዶችን ቋንቋ ተምሮ ስለነበር ከሰባኪው አጠገብ ቆሞ ለሹማምንቱ ቃሉን ይተረጉም ነበር። ወገኖቼ፣ ንጉሥ ሆኖ አስተርጓሚ መሆን ቀላል ነገር አይደለም!

የሰባት ዓመቱ ልጅ

ቢድ የተወለደው በ672 ወይም በ673 ነው። ሰባት ዓመት ሲሆነው ዘመዶቹ ዊርመዝ ወደሚባለው ገዳም ወስደው ለአበምኔቱ ለቤኔዲክት ቢስኮፕ ሰጡት። ቢስኮፕ ወደ ሮም እየተመላለሰ መጻሕፍትን የሚሰበስብ ሰው ነበር። ለቢድ የትምህርት በር የከፈቱለት እነዚያ መጻሕፍት ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ጃሮ በሚባል አቅራቢያ ባለ ስፍራ ሁለተኛ ገዳም ተመሠረተና ቢድ ኑሮው እዚያ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑ በ685 የተመረቀበት ጽሑፍ የተቀረጸበት ድንጋይ ዛሬም በስፍራው አለ።

በ686 ገደማ ቸነፈር ገባ። መዝሙር መምራት የሚችሉት መነኮሳት በሙሉ አለቁና አበምኔቱ ቼኦልፍሪትና አንድ ትንሽ ልጅ ብቻ ቀሩ። አበምኔቱ ከሐዘኑ የተነሳ የዝማሬውን ሥርዓት ለአንድ ሳምንት አሳጠረው፤ ነገር ግን አላስቻለውም። ሁለቱ እያለቀሱ መዝሙሩን እንደ ቀድሞው ቀጠሉ። ያ ልጅ ቢድ ሳይሆን እንደማይቀር ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ።

ቢድ በ19 ዓመቱ ዲያቆን፣ በ30 ዓመቱ ቄስ ሆነ። የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያዎችን ጻፈ፤ በ725 ስለ ዘመን አቆጣጠር፣ በ731 ደግሞ ስለ እንግሊዝ ሕዝብ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያዘጋጃቸውን ትላልቅ መጻሕፍት ፈጸመ። እነዚህ ሁሉ የተጻፉት በላቲን ነው። ላቲን ለዚያ ዘመን ምዕራባዊ ቤተ ክርስቲያን ግዕዝ ለአገራችን እንደነበረው የሊቃውንት ቋንቋ ነበር። የተማረው ያነበዋል፤ አራሹና እረኛው ግን አይሰማውም።

በገናውን የሸሸው እረኛ

ቢድ ግን እረኛውን አልረሳውም። በታሪክ መጽሐፉ ካድመን ስለሚባል ከብት ጠባቂ ጽፎልናል። ካድመን ሂልዳ የምትባል ብልህ እመምኔት በምታስተዳድረው በዊትቢ ገዳም ያገለግል ነበር። ዜማ አያውቅም። በግብዣ ላይ በገናው ወደ እርሱ ሲቃረብ በኀፍረት ተነስቶ ይወጣል። አንድ ሌሊት እንዲሁ ወጥቶ ከብቶቹ ዘንድ ተኝቶ ሳለ በሕልሙ አንድ ሰው ቆሞ ስለ ፍጥረት እንዲዘምር አዘዘው። ሰምቶት የማያውቀውን መዝሙር ለፈጣሪ ዘመረ፤ ሲነቃም አልጠፋበትም።

ነገሩ ሂልዳ ዘንድ ደረሰ። ሊቃውንቱ ፈተኑት፤ ስጦታው ከእግዚአብሔር እንደሆነም መሰከሩ። ከዚያ በኋላ ማንበብ ለማይችለው ለዚህ ሰው የቅዱሳት መጻሕፍትን ታሪክ ይነግሩታል፤ እርሱም እንደሚያመሰኳ በሬ በልቡ እያመላለሰ ወደ ግጥም ይለውጠዋል። ስለ ፍጥረት፣ ስለ እስራኤል ከግብፅ መውጣት፣ ስለ ጌታ ሥጋ መልበስ፣ ሕማምና ትንሣኤ ዘመረ። ቀድሞ የአማልክት ልጆች ነን የሚሉ ነገሥታት ይወደሱበት የነበረው ዜማ ለሰማይና ለምድር ፈጣሪ ምስጋና ሆነ።

ቢድ የካድመንን የመጀመሪያ መዝሙር አሳብ በላቲን አሰፈረና ግጥም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲዞር ውበቱ እንደሚጎድል አምኖ ተናገረ። የእንግሊዝኛውን ዘጠኝ ስንኝ ግን ገልባጮች በመጽሐፉ ቅጂዎች ላይ ስለጻፉት እስከ ዛሬ ተጠብቆልናል። ጥንታዊ ከሆኑት የእንግሊዝኛ ግጥሞች አንዱ የደረሰን ከእረኛ አፍ ነው።

የመጨረሻው ሥራ

በ734 ቢድ ለዮርኩ ጳጳስ ለኤግበርት ጠንከር ያለ ደብዳቤ ጻፈለት። ጳጳስ ለዓመታት ያልረገጣቸው መንደሮች እንዳሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ግብር ሲሰበሰብ ግን አንድም መንደር እንደማይረሳ ወቀሰ። ሕዝቡ ቢያንስ የሃይማኖት መግለጫውንና ጌታ ያስተማረውን ጸሎት በራሱ ቋንቋ እንዲማር ለመነ፤ እርሱ ራሱ ላቲን ለማያውቁ ቀሳውስት ሁለቱን ተርጉሞ ይሰጣቸው እንደነበርም ገለጸ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ735፣ ከፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ደቀ መዝሙሩ ኩትበርት የመጨረሻ ቀኖቹን በደብዳቤ መዝግቦልናል። በየቀኑ ማስተማሩን አላቋረጠም። የሕዝቡን ግጥም ጠንቅቆ ያውቅ ስለነበር ነፍስ ከሥጋ ከመለየቷ በፊት ራሷን ትመርምር የሚል አሳብ ያለውን አጭር የእንግሊዝኛ ግጥም ይል ነበር። ሊቁ የላቲን መምህር በሞት ደጃፍ ላይ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ከአንደበቱ አልተለየም።

በእነዚያ ሳምንታት የዮሐንስን ወንጌል ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎመ ነበር። በዕርገት በዓል ዋዜማ ቁንዶ በርበሬውን፣ መሐረቦቹንና ዕጣኑን ለገዳሙ ካህናት አከፋፈለ፤ ሀብቱ ያ ነበር። ሲመሽ ዊልበርት የተባለው ወጣት ጸሐፊው አንድ ዓረፍተ ነገር እንደቀረ አሳሰበው። ቢድም እንዲጽፍ ነገረውና ያንን ቃል በቃል አስጻፈው። ሲፈጸም በተለመደው የጸሎት ስፍራው ትይዩ መሬት ላይ እንዲያስቀምጡት ለመነ፤ ለአብ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ክብር እየዘመረም ነፍሱን ሰጠ።

እኛና የቢድ ሥራ

ቢድ የዘመኑ ሰው ነበር፤ እኛ ወንጌላውያን በሁሉም ነገር ከእርሱ ጋር አንስማማም። በፋሲካ ቀን ጉዳይ ከእርሱ የተለዩትን የብሪታንያ ክርስቲያኖች አንዳንድ ጊዜ ከልክ በላይ ይወቅሳል። ይህን ለመናገር አላፍርም። ነገር ግን ሊቅነቱን ለማን እንዳዋለው ተመልከቱ።

እኔ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። ተመርቄ መጀመሪያ ባገለገልኩባት የገጠር ቤተ ክርስቲያን በውጭ ቃላት የታጨቀ ስብከት ሰበክሁ። አንዲት እናት ከአገልግሎት በኋላ በፍቅር መርቀውኝ፣ ብዙ መማሬን አደነቁና ለቤታቸው ይዘው የሚሄዱት ነገር እንዳላገኙ በትሕትና ነገሩኝ። ያን ቀን በጣም አፈርሁ፤ ዛሬ ግን ጌታን አመሰግናለሁ።

በውጭ አገር ልጆች የምታሳድጉ ወላጆች ሆይ፣ እናንተም አስቡበት። እኛ የምናለቅስበት የአማርኛ መዝሙር ለአንዳንድ ልጆቻችን ላቲን ሆኖባቸዋል። ቋንቋችንን እናስተምራቸው፤ መልካም ነው። እስኪችሉት ድረስ ግን ወንጌሉን በሚገባቸው ቋንቋ ለመንገር እንደ ንጉሥ ኦስዋልድ ዝቅ እንበል።

የቢድ የዮሐንስ ወንጌል ትርጉም ዛሬ የለም፤ ጠፍቷል። የኩትበርት ደብዳቤ እንደሚያመለክተው ትርጉሙ የሄደው ከወንጌሉ መጀመሪያ እስከ ምዕራፍ 6 ቁጥር 9 ነበር። ያ ቁጥር እንድርያስ አምስቱን የገብስ እንጀራና ሁለቱን ዓሣ አይቶ ይህ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ምን ይሆናል ብሎ የተጨነቀበት ስፍራ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ጌታ ምን እንዳደረገ እናንተ ታውቃላችሁ። በ1526 ቲንደል ያሳተመው አዲስ ኪዳን ለተራው እንግሊዛዊ እስኪደርስ ድረስ ገና ስምንት መቶ ዓመት ያህል ቀርቶ ነበር፤ ቢድ ግን በእጁ ያለውን እንጀራ አልሸሸገም።

እናንተስ በእጃችሁ ያለውን ጥቂት ለማን እየቆረሳችሁት ነው?

ጌታ ይባርካችሁ።