ዴኒስ ሪቺ፦ የሲ ቋንቋ አባት ሕይወትና ለጀማሪ የሚሰጥ ትምህርት

ለሙያ ባልደረቦቻችን ስለ ዴኒስ ሪቺ ማውሳት የሚያውቁትን መልሶ መንገር ሊመስል ይችላል። ከመካከላችን እርሱ በፈጠረው በሲ ቋንቋ ያልተማረ ወይም ያላስተማረ ጥቂት ነውና። ይሁን እንጂ የቋንቋው ስም በየክፍሉ ሲጠራ የሰውየው ታሪክ እምብዛም አይነገርም። በታሪኩ ውስጥ ግን ለጀማሪ አስቀድሞ ምን ማስተማር እንደሚገባ የሚያመለክት ትምህርት ስላለ፣ በአጭሩ ማቅረቡ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1941 በኒውዮርክ ግዛት በብሮንክስቪል ተወለደ። አባቱ በቤል ላቦራቶሪ የሚሠራ፣ ስለ ስልክ ማዞሪያ ዑደቶች ንድፍ ከባልደረቦቹ ጋር መጽሐፍ ያዘጋጀ ሊቅ ነበር። ልጁም በኒው ጀርሲ ግዛት በሰሚት ከተማ አድጎ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተማረ። በ1963 ከተመረቀ በኋላ ወደ ተግባራዊ ሒሳብ ተሻገረ። የዶክትሬት ድርሰቱን በ1968 ጽፎ ቢጨርስም፣ የተጠረዘውን ቅጅ ለዩኒቨርሲቲው ሳያስረክብ በመቅረቱ ማዕረጉን አልተቀበለም። እርሱ ግን አስቀድሞ በ1967 በአባቱ መሥሪያ ቤት በቤል ላቦራቶሪ ሥራ ጀምሮ ነበር።

በ1969 ቤል ላቦራቶሪ መልቲክስ ከተባለው ታላቅ የጋራ ፕሮጀክት ወጣ። በዚያው ዓመት ባልደረባው ኬን ቶምሰን ፒ.ዲ.ፒ.-7 በተባለ አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ዩኒክስን ሲጀምር ሪቺ አብሮት ተሰለፈ። ቶምሰን ቢ የሚል ስም የሰጠው ቋንቋ ሁሉን ነገር በአንድ ዓይነት መጠን የሚያይ እንጂ ፊደልን ከቁጥር የሚለይ አልነበረም። ቀጥሎ የመጣው የፒ.ዲ.ፒ.-11 መኪና ግን ማኅደረ ትውስታው ባይት በባይት የሚቆጠር ነበር። እንግዲህ ሪቺ ለፊደልና ለቁጥር የተለያየ ዓይነት እየሰጠ ቋንቋውን ማደስ ግድ ሆነበት። በ1972 ሲ ቅርጽ ያዘ፤ በ1973 በጋ ደግሞ የዩኒክስ እምብርት በሲ እንደ አዲስ ተጻፈ። ሲ ከመኪናው ጠባይና ከዕለት ሥራ አስፈላጊነት የተወለደ ቋንቋ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

በ1978 ሪቺ ከብራያን ከርኒሃን ጋር ሆኖ 228 ገጽ ያለውን ዝነኛ የሲ መጽሐፍ አወጣ። ይህ መጽሐፍ ለመምህር ትልቅ አብነት ነው። ሕግጋቱን ሁሉ በዝርዝር የያዘው ክፍል በመጨረሻ፣ በአባሪነት ተቀመጠ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ግን ተማሪው አጭር ሰላምታ የሚያትም ፕሮግራም ጽፎ ያስኬዳል፤ ቀጥሎም የሙቀት መለኪያዎችን ያመዛዝናል፤ መስመርና ቃል ይቆጥራል። ከዚያው ምዕራፍ ሳይወጣም የፊደላት ሰንሰለት በማኅደረ ትውስታ ውስጥ እንዴት እንደሚደረደርና በዜሮ እንደሚዘጋ ያያል።

ይህን ሥርዓት ችላ ማለት የሚያስከትለውን የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በራሱ ላይ አይቶታል። ከእንጦጦ ወዲያ በሱሉልታ ለጥቂት ወጣቶች ሲን ሲያስተምር፣ ሳምንታቱን በሕግጋት ዝርዝር ፈጅቶ የማኅደረ ትውስታን ነገር ለመጨረሻ አቆይቶት ነበር። አንድ ተማሪ የከተማውን ስም ጽፎ የፊደሉን ብዛት ኮምፒውተሩን ጠየቀ። ሱሉልታ 4 ፊደል ሲሆን መኪናው 12 ብሎ መለሰ። ተማሪዎቹ መኪናው ተሳሳተ አሉ። ስሕተቱ ግን የመምህሩ ነበር። በዩ.ቲ.ኤፍ.-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የሲ ቆጣሪም ባይትን እንጂ ፊደልን አያውቅም። የመዝጊያው ዜሮ ሲጨመር ስሙ 13 ባይት ቦታ ይሻል። ተማሪው ለ4 ፊደል 5 ቦታ ብቻ አዘጋጅቶ ቢሆን ኖሮ፣ ጽሑፉ ወሰኑን አልፎ የጎረቤቱን ቦታ ባበላሸ ነበር። የሚያስደንቀው፣ ይህን አጻጻፍ በ1992 የነደፉት የሪቺ ባልደረቦች ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ መሆናቸው ነው።

ወሰን ማለፍ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሲ ለፕሮግራም ጸሐፊው ታላቅ ነጻነት ስለሚሰጥ ወሰኑን ራሱ አይጠብቅለትም። በኖቬምበር 1988 በኢንተርኔት የተዛመተው ትል ከገባባቸው ቀዳዳዎች አንዱ የሚቀበለውን ጽሑፍ ርዝመት የማይለካ ጌትስ የተባለ የሲ ተግባር ነበር። ተግባሩ ከቋንቋው መደበኛ ድንጋጌ የተሰረዘው በ2011 ነው። ሪቺም ቢሆን በ1993 ስለ ቋንቋው ታሪክ በጻፈው ጥናት፣ የሲን ጉድለቶች፣ በተለይም የአዋጅ አጻጻፉን አስቸጋሪነት ሳይሸሽግ ዘርዝሯል። የፈጠረውን ነገር ነቀፋ ራሱ የሚጽፍ ሰው ብዙ አይገኝም።

ሪቺ በ1983 ከቶምሰን ጋር የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ፤ ከዚያም በኋላ አሜሪካ ለቴክኖሎጂ የምትሰጠውን ብሔራዊ ሜዳይ ሁለቱ አብረው አገኙ። ከሥራ በ2007 ጡረታ ወጣ። በኦክቶበር 2011 በ70 ዓመቱ በኒው ጀርሲ በቤቱ ብቻውን እንዳለ ማረፉ ተሰማ። ከአንድ ሳምንት በፊት ስቲቭ ጆብስ ሲሞት ዓለም በሙሉ አዝኖ ነበር፤ የሪቺን ሞት ያወቀው ግን በአብዛኛው የሙያው ማኅበረሰብ ነበር።

ከዚህ ሕይወት ለመምህራን የሚተርፈው ምክር ግልጽ ይመስለናል። ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ፕሮግራም ጽፎ ያስኪድ። ባይትና አድራሻ ምን እንደሆኑ በወረቀት ላይ በሣጥን እየሣለ ይወቅ። ቦታ ሳይለካ ጽሑፍ አይቀበል፤ ኮምፓይለሩ የሚሰጠውንም ማስጠንቀቂያ አይናቅ። የሕግጋቱ ዝርዝር ሥራው ሲጠይቅ ይደርሳል። የራሱን ከተማ ስም በራሱ ፊደል ጽፎ 12 የሚል መልስ ሲያገኝ ምክንያቱን የሚያስረዳ ተማሪ፣ ሲን በእርግጥ ጀምሯል ማለት ነው።