ቶማስ ላምቢ

ዶክተር ቶማስ አሌክሳንደር ላምቢ (እ.ኤ.አ. 1885–1954) በሱዳን፣ በኢትዮጵያና በፍልስጥኤም ያገለገሉ ትውልደ አሜሪካዊ ሐኪምና የፕሮቴስታንት ሚሲዮናዊ ነበሩ። በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ለሚገኘው አለርት ሆስፒታል መነሻ የሆነውን የሥጋ ደዌ ሕክምና ቦታ በማቋቋምና የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽንን (ኤስ.አይ.ኤም.) ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ በመምራት ይታወቃሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ዓመታት

ላምቢ የተወለዱት በፔንሲልቬንያ ግዛት በፒትስበርግ ከተማ ነው። በ1907 በሕክምና ተመርቀው በዚያው ዓመት በተባበሩት ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን አማካይነት ወደ ሱዳን ሄዱ። ከባለቤታቸው ከሻርሎት ክሌኒ ጋር በኢትዮጵያ ድንበር አቅራቢያ በሶባት ወንዝ ዳር ባለችው ናስር ሠርተዋል።

ወደ ኢትዮጵያ መምጣት

ከኅዳር በሽታ ማግሥት፣ በ1919፣ የምዕራብ ወለጋ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ሐኪሙን ወደ ግዛታቸው ጋበዟቸው። ላምቢም በጋምቤላ በኩል ገብተው በሳዮ (ደምቢ ዶሎ) ሕክምና ጀመሩ። በ1922 አዲስ አበባ ደርሰው ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ጋር ተገናኙ፤ አልጋ ወራሹም በመዲናይቱ ሆስፒታል እንዲሠሩ ጠየቋቸው። አንድ አሜሪካዊ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ባለቤት በሰጡት ገንዘብ በጉለሌ የጆርጅ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ። ቦታው በኋላ የፓስተር ኢንስቲትዩት ሆኗል።

የደቡብ ጉዞ

ላምቢ ከቀድሞ ሚሲዮናቸው ከተለዩ በኋላ በ1927 ከአልፍሬድ ባክስተንና ከጆርጅ ሮድ ጋር ሆነው ከኤስ.አይ.ኤም. ጋር ተባበሩ። በ1928 ቡድኑ ጅማን አስቦ ከአዲስ አበባ ተነሣ፤ ነገር ግን ጉዞው ወደ ወላይታ፣ ሐዲያና ሲዳማ አመራ። በነዚህ አካባቢዎች ክሊኒክና የሃይማኖት ትምህርት ጎን ለጎን ተጀመሩ። ሚሲዮኑ የሚመሠረቱት ጉባኤዎች በራሳቸው ሽማግሌዎች እንዲመሩና ከውጭ ገንዘብ ሳይጠብቁ ራሳቸውን እንዲችሉ ይፈልግ ነበር። በወላይታ የመጀመሪያዎቹ አማኞች የተጠመቁት በ1933 ሲሆን ቁጥራቸው 10 ነበር።

የሥጋ ደዌ ሆስፒታል

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላምቢና ኤስ.አይ.ኤም. ያኔ ከከተማው ውጭ በነበረ ቦታ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማከሚያ አቋቋሙ። ሆስፒታሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተሰየመ። ሕሙማን ከታከሙ በኋላም ወደ ትውልድ መንደራቸው መመለስ ስለሚከብዳቸው ብዙዎቹ በዙሪያው ሰፍረው ልጆቻቸውን በዚያ አሳደጉ። አካባቢው እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ይባላል።

ዜግነትና ጦርነት

በወቅቱ የውጭ ዜጋ በኢትዮጵያ የመሬት ባለቤት መሆን ስለማይችል፣ ላምቢ በ1934 የአሜሪካ ዜግነታቸውን ትተው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። በ1935 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሲመሠረት ዋና ጸሐፊ ሆነው የጦር ሜዳ የሕክምና ቡድኖችን አስተባበሩ።

በግንቦት 1936 አዲስ አበባ በጣሊያን ጦር እጅ ስትወድቅ ላምቢ የሚሲዮኑን ሥራ ለማትረፍ ከአዲሱ አስተዳደር ጋር ለመስማማት ሞከሩ። የጣሊያን አውሮፕላኖች በቀይ መስቀል ላይ ስላደረሱት ድብደባ ቀደም ሲል የሰጡትን ምስክርነትም አስተባበሉ። በስደት የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ይህን እንደ ክህደት ቆጠሩት። መስማማቱ ሚሲዮኑንም አላተረፈም፤ ጣሊያኖች ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። ላምቢም ያለ አገር ቀሩ፤ በ1939 ያሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ርእስ አገር የለሽ ሐኪም የሚል ትርጉም አለው። ከነጻነት በኋላም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው አልሠሩም።

ሚሲዮናውያኑ ከሄዱ በኋላ

በ1937 የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ጣሊያኖች ጉባኤዎችን ከለከሉ፤ እንደ ዋንዳሮ ያሉ የአካባቢው መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉም። ሆኖም ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ የአማኞቹ ቁጥር ወደ 10,000 ደርሶ አገኙት። ወንጌሉን ያስፋፉትና ጉባኤዎቹን የመሩት ወላይታዎቹ ራሳቸው ነበሩ። የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን መነሻዋ ከነዚህ የደቡብ ጉባኤዎች ነው።

የመጨረሻ ዘመናቸው

ላምቢ ከኢትዮጵያ ከወጡ በኋላ በሱዳን ሠሩ፤ የአሜሪካ ዜግነታቸውንም መልሰው አገኙ። ባለቤታቸው ሻርሎት ካረፉ በኋላ ወደ ፍልስጥኤም ሄደው በቤተልሔም አካባቢ የሳንባ ነቀርሳ ማከሚያ አቋቋሙ። በሚያዝያ 1954 በኢየሩሳሌም አረፉ።

በዘነበወርቅ የጀመሩት ሥራ ግን ቀጠለ። በ1965 በዚያው ስፍራ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነው አለርት ተመሠረተ። ዛሬ አለርት ከሥጋ ደዌ ሌላ የቆዳ፣ የዓይንና የአጠቃላይ ሕክምና ይሰጣል።