ጊታርን አፍ ያስፈታው ቻርሊ ክሪስቲያን

ነገሌ ቦረና ውስጥ ፒክአፕ ልቀይር ነው ብሎ የሚያወራ ሰው እንደ ባለሀብት ይታያል። ከነገሌ እስከ ፊልቱ፣ ከዚያም እስከ ዶሎ ኦዶ ባሉት የቆላ ከተሞች ፒክአፕ ማለት ከኋላው ክፍት የሆነ፣ ሰውም ፍየልም ጆንያም የሚጭን መኪና ነውና። የእኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እኔ የምለው ፒክአፕ ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማይበልጥ፣ በኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሥር የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ማግኔትና በዙሪያው በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ፤ በቃ ይኸው ነው። የብረት ክሩ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ያንን አጉልቶ ያሰማናል።

ለሥራ ወደ ነገሌ በምመላለስባቸው ጊዜያት ይዤው የምዞር አንድ ጊታር አለኝ። እንደ ክራር ሆዱ ባዶ የሆነ፣ ሙዚቀኞች ሆሎው ቦዲ የሚሉት ዓይነት ነው። የገዛሁት ከአንድ አንጋፋ ተጫዋች ሲሆን የፒክአፖቹ ሽቦ በእርጅና ተበጥሶ ድምፃቸው ጠፍቷል። አዲስ ይግባለት ሲባል የትኛው የሚለው ጥያቄ ካሰብኩት በላይ አስጨነቀኝ። ምክንያቱም አንዳንዱ ፒክአፕ የጊታሩን ፊት በመጋዝ መቁረጥ ይጠይቃል። የተቆረጠ እንጨት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ልቤን የሳበው ፒክአፕ በፋብሪካ ቁጥር ሳይሆን በሰው ስም የሚጠራ ነው፤ ቻርሊ ክሪስቲያን ይሉታል። ለመሆኑ ይህ ሰው ማን ነበር?

ቻርሊ ክሪስቲያን የተወለደው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1916 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ቦንሃም በምትባል ከተማ ነው። ያደገው ግን በኦክላሆማ ሲቲ ነው። አባቱ ዓይነ ስውር ሙዚቀኛ ስለነበሩ ልጆቻቸውን አስከትለው የሀብታሞች ሰፈር ጎዳና ላይ እየተጫወቱ ቤተሰባቸውን ያስተዳድሩ ነበር። እኛ አገር አዝማሪ ማሲንቆውን አንግቶ ከደጅ ደጅ እንደሚዞረው ማለት ነው። የአገሩ ልጅ የሆነው ዕውቁ ደራሲ ራልፍ ኤሊሰን፣ ቻርሊ በተማሪነቱ ከሲጋራ ሳጥን ጊታር እየሠራ ይጫወት እንደነበር ጽፏል።

በዚያን ዘመን ጊታር በትልልቅ ባንዶች ውስጥ የነበረው ቦታ አሳዛኝ ነበር። መለከቱ፣ ትሮምቦኑና ሳክስፎኑ በአንድነት ሲጮኹ ጊታሪስቱ ምት ከመጠበቅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረውም። ጊብሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1936 ኢኤስ 150 የተባለውን ጊታር ገበያ ላይ ሲያወጣ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። ከጊታሩ ፊት ሥር ሁለት ረጃጅምና ከባድ ማግኔቶች ተደብቀዋል፤ ከላይ የሚታየው በክሮቹ ሥር ያለፈ ቀጭን የብረት ዘንግ ብቻ ነው። ዕቃውን የገዛ ብዙ ነው። ምን ሊሠራበት እንደሚችል የገባው ግን ይህ የኦክላሆማ ወጣት ነበር። ቻርሊ የሳክስፎን ተጫዋቹን የሌስተር ያንግን አካሄድ ወደ ጊታር አመጣ። ረጃጅም የዜማ ሐረጎችን አንድ በአንድ፣ እንደሚናገር ሰው እየተነፈሰ ይጫወት ጀመር።

ዝናው አገር ያዳረሰው በአንድ ምሽት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1939 የሙዚቃ አሳታሚው ጆን ሐመንድ ቻርሊን ወደ ካሊፎርኒያ አስመጥቶ ከታዋቂው የክላሪኔት ተጫዋች ከቤኒ ጉድማን ጋር አገናኘው። ጉድማን መጀመሪያ ፊት ነሣው። ሐመንድ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ጉድማን በሚሠራበት ምግብ ቤት መድረክ ላይ በእረፍት ሰዓት አሹልኮ አስገባው። እንደሚተረከው ጉድማን ወጣቱን ለማሳፈር አያውቀውም ያለውን ሮዝ ሩም የተባለ ዜማ ጀመረ። ቻርሊ ግን ተራው በደረሰ ቁጥር አዲስ ሐረግ እየፈጠረ ስለቀጠለ ዜማው አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ከዚያች ምሽት ጀምሮ የጉድማን ቡድን አባል ሆነ። ጥቁርና ነጭ አብረው መድረክ መውጣታቸው ገና ብርቅ በነበረበት አሜሪካ ይህ ራሱን የቻለ ድፍረት ነበር።

ኒውዮርክ ከገባ በኋላ ከጉድማን ጋር ሥራውን ሲጨርስ ወደ ሐርለም ይሄድና ሚንተን በተባለው ቤት ከቴሎኒየስ መንክና ከኬኒ ክላርክ ጋር ሲጫወት ያነጋል። ቢቦፕ የተባለው አዲስ የጃዝ ስልት የበቀለው ከእንደዚህ ዓይነት ሌሊቶች ነው። ሰውነቱ ግን አልቻለም። ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1941 ሆስፒታል ገባ፤ መጋቢት 2 ቀን 1942 በ25 ዓመቱ አረፈ። ለቲቢ የመጀመሪያው ፍቱን መድኃኒት የሆነው ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በዓመቱ፣ በ1943 መሆኑን ሳስብ ያንገበግበኛል። ዛሬ የነገሌ ወይም የዶሎ ታማሚ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ በሚያገኘው የስድስት ወር መድኃኒት የሚድንበት በሽታ ነው ያንን እጅ የቀጠፈው። ከጉድማን ጋር የሠራው ከሦስት ዓመት ላነሰ ጊዜ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣ የጃዝ ጊታሪስት ሁሉ ግን የእርሱ ዕዳ አለበት።

ወደ ምርጫዬ ልመለስ። የቻርሊ ፒክአፕ ድምፁ ወፍራምና ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ስላለው በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሪክ ጉምጉምታም አብሮ ይሰበስባል። ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1946 ያወጣው ፒ 90 የተባለው ፒክአፕም ድምፁ ደስ ቢልም ይኸው ጠባይ አለው። መፍትሔውን ያመጣው ሴት ላቨር የተባለ የኩባንያው ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ ባለቤትነት ያመለከተበት ሀምበከር ሁለት ጥቅል ሽቦዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ሽቦዎቹም ማግኔቶቹም በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሠሩ ጉምጉምታው ሲጣፋ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል።

አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ የምቀመጥ ቢሆን ቻርሊን እመርጥ ነበር። ነገሌ ላይ ግን መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ይነሣል፤ በሠርግ ድንኳን ውስጥ ማጉያው፣ የፍሎረሰንት መብራቱና የተቀጣጠለው ገመድ አንድ ላይ ተፋፍገዋል፤ የመሬት ሽቦ ያለው ሶኬት ማግኘትም ዕድል ነው። በዚያ ላይ ባዶ ሆድ ያለው ጊታር ድምፁ ከፍ ሲል ሳጥኑ ራሱ ይንቀጠቀጥና ማጉያው ያፏጫል። ስለዚህ ኃይሉ መጠነኛ የሆነ፣ ሽቦው እንዳይርገበገብ በሰም የተነከረ ሀምበከር መረጥኩ። በነበረው ቀዳዳ ልክ ስለሚገባ የጊታሩ ፊት ከመጋዝ ተረፈ። በሀምበከር ልክ የተሠሩ የቻርሊ ዓይነት ፒክአፖችም አሉ። ሆኖም እነዚያ ረጃጅም ማግኔቶች በዚያ ጠባብ ሳጥን ስለማይገቡ ድምፁ ያው አይሆንም።

ፒክአፕ ለመቀየር የሚያስብ አንባቢ ካለ ምክሬ አጭር ነው። ከዋጋውና ከስሙ በፊት የት እንደሚጫወቱ፣ ምንስ እንዲሰማልዎ እንደሚፈልጉ ይወስኑ። ከሁሉ በፊት ግን ቻርሊ ከጉድማን ጋር የቀረጸውን ሮዝ ሩም ያዳምጡ። ጉምጉምታ ባለው ፒክአፕ ነው የተጫወተው፤ የቀረው ግን ዜማው ነው።