የብርሃን ሠዓሊውና የዓይን ሞራ

በዚህ ጽሑፋችን የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የክሎድ ሞኔን የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሞኔ በ1840 በፓሪስ ተወልዶ ያደገው ለ አቭር በተባለችው የወደብ ከተማ ነው። በ1872 የሣለው የወደቡ የፀሐይ መውጫ ሥዕል በ1874 ለሕዝብ ሲታይ «ኢምፕሬሽኒዝም» ለተባለው የአሣሣል ስልት መጠሪያ ሆነ። በ1883 ዢቨርኒ በምትባል መንደር ከሰፈረ በኋላ የእህል ክምርን ጠዋትና ማታ እየደጋገመ ሣለ። ክምሩ ያው ነው፤ ብርሃኑ ግን እንደ ሰዓቱ ይለዋወጣል።

ታዲያ ሰዓትን ከብርሃን የሚያነብ ሠዓሊ ብቻ አይደለም። በያንዳንዳችን አንጎል ውስጥ ቀንና ሌሊትን የሚለይ የሰውነት ሰዓት አለ። ይህን ሰዓት በየቀኑ የሚሞላው በዓይን የሚገባው ብርሃን፣ በተለይም ሰማያዊው ነው። ሬቲናም የራሱ ሰዓት አለው፤ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳቱ ያረጀ ጫፋቸውን አራግፈው የሚታደሱት በዚሁ ሥርዓት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ግን የዓይን ሌንስ ቢጫ እየሆነ ይሄድና ሰማያዊውን ብርሃን ያስቀራል። ሞራ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። እይታ ብቻ ሳይሆን እንቅልፍም ሊዛባ ይችላል።

ሞኔ ላይ የደረሰው ይኸው ሞራ ነው። ባለቤቱ አሊስ በ1911 ሞተች፤ በ1912 ሐኪሞች ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ እንደያዛቸው ነገሩት፤ በ1914 ልጁ ዣን ሞተበት። ቀለም ሁሉ እየደፈረሰ ወደ ቀይና ቡናማ አደላበት። ቢቸግረው በቀለም ቱቦዎቹ ላይ የተጻፈውን ስም እያየ ይሠራ ጀመር። ቀዶ ሕክምናውን ግን ፈራ፤ ቢከሽፍ ሥራው ሊቀር ነው እኮ! ሐኪምና የአገር መሪ የነበረው ወዳጁ ዦርዥ ክሌማንሶ አጥብቆ መከረው። በመጨረሻ በ1923 ቀኝ ዓይኑን ዶክተር ሻርል ኩቴላ ቀደዱለት። መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ ሰማያዊ እየሆነበት ቢማረርም፣ በመነጽር እየታገዘ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1926፣ በ86 ዓመቱ አረፈ። ታላላቆቹ የውሃ አበባ ሥዕሎቹ በ1927 በፓሪስ ኦራንዥሪ ለሕዝብ ተከፈቱ።

በአገራችንም የዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ሞራ ነው። እንግዲህ እኛ ዕጩ መምህራን በምንመደብበት ሁሉ፣ ዓይኑ የደከመና እንቅልፍ ያጣ ሽማግሌ ስናይ እርጅና ነው ብለን አንለፍ። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳልና ለቤተሰቡ ነግረን ወደ ሐኪም እንዲወስዱት እናድርግ።