ባሩድ የበዛበት መድፍ

ፋሲል ከነማን ደጋፊው ዐፄዎቹ ይለዋል። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሱ ስሙ በደንብ አምሮባቸው ነበር። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ አንድ እውነተኛ ዐፄ ነው፤ ስለ ቋራው ካሳ። አንቱ ማለት ይገባን ነበር፤ ሆኖም አገሬው እንደሚያደርገው አንተ ብንለው የሚቀየመን ያለ አይመስለንም።

ካሳ መድፍን ያወቀው በሽንፈት ነው። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። ሰዉ ደፋር ነው፤ ማዶ ግን መድፍ ነበር። ተሸንፎ ተመለሰ። እንደ አንዳንድ አሰልጣኞቻችን በዳኛና በሜዳ አላሳበበም፤ ለምን እንደተሸነፈ ገባው።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመው? በ1845 ጉር አምባ ላይ ደጃች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ በ1847 ስሜን ደረስጌ ላይ ደጃች ውቤን ረታ። እዚያው ደረስጌ ማርያም ተቀብቶ ቴዎድሮስ ተባለ። መድፉን ግን አልረሳውም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ለወንጌል የመጡትን ነጭ ሠራተኞች መድፍ እንዲሠሩ አዘዛቸው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ አልለቀቃቸውም። በስተመጨረሻ ትልቁ ሴቫስቶፖል ወጣ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚከርረው። አረር እንዲፈጥን ባሩድ ትጨምራለህ። ባሩድ ሲበዛ ደግሞ ግፊቱና ሙቀቱ አፈሙዙንም ይመታዋል። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ በተተኮሰ ቁጥር ውስጡ እየተበላ ይሰፋል፣ አረሩ ልክ አይገጥምም፣ ኢላማ ይስታል። ግድግዳውን ላወፍር ካልክ መድፉ ይከብድሃል። ዛሬም ቀለሁን ራሱ እየሞላ የሚተኩስ አዳኝ የሚታገለው ከዚሁ ጋር ነው፤ ጥይቱ ፈጠነለት ሲል የጠመንጃው ዕድሜ ያጥራል። ቴዎድሮስ ክብደቱን መረጠ።

ዋጋውንም ከፈለ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥሏል፤ ይህን ማለፍ አንችልም። አገሩ ከድቶታል። በ1860 ጥቅምት ከደብረ ታቦር ሲነሳ የቀረው ጦሩና መድፎቹ ነበሩ። በገደሉ መንገድ እየተቆረጠ፣ ሴቫስቶፖል በመቶዎች ክንድ እየተጎተተ መቅደላ ለመድረስ ወደ ስድስት ወር ፈጀ። ንጉሡ ራሱ ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሳ ነበር። የናፒየር ጦር ደግሞ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ወደዚያው እየገሰገሰ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ የስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ላይ ተገናኙ። የቴዎድሮስ መድፎች ከፋላ ኮረብታ ቁልቁል ተኮሱ፤ አረሩ በእንግሊዞቹ አናት ላይ እያለፈ ሄደ። ኳስ ከጎል አግዳሚው በላይ እንደሚሉት ነው። ከትልልቆቹ አንዱ ከሚገባው በላይ ባሩድ ጎርሶ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ።

ወዲያ ማዶስ? እንግሊዞቹ የያዙት ከኋላ የሚጎርሰውን አዲሱን ስናይደር ጠመንጃ ነው። ጥይቱ በሰከንድ 380 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ከኃይለኛ ቅጣት ምት 10 እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ይህ ለጠመንጃ የሚያስደንቅ ፍጥነት አይደለም። ጉዱ ያለው በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል መተኮሱ ላይ ነው። የእኛዎቹ በአፈሙዝ እየጎረሱ አንድ ሲሉ፣ እነሱ ደጋግመዋል። ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከእኛ በመቶዎች የሚቆጠሩ ረገፉ። ከወደቁት አንዱ ታማኙ ፊታውራሪ ገብርዬ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ በትንሣኤው ማግስት፣ የመቅደላ በር ሲሰበር ቴዎድሮስ እጅ አልሰጠም። በገዛ ሽጉጡ ሞተ። እንግሊዞቹ ዘውዱንና መጻሕፍቱን ጭነው ሄዱ። ሴቫስቶፖል ግን እዚያው አምባው ላይ ቀረ።