ትንሹን ነገር ያልናቀ መካኒክ
የሄንሪ ሮይስ የሕይወት ታሪክ

መኪና ከቆመችበት ስፍራ ስትነሣ ከፊት ሞተሯ በታች ጥቂት ጥቁር ጠብታ በመሬት ላይ ትታ መሄዷን ብዙ ሰው አይቷል። ባለመኪናው ግን ብዙውን ጊዜ ነገሩን ከቁም ነገር ሳይቈጥረው ያልፋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚባለው ሁሉ፣ ዛሬ ጠብታ የሆነው ነገ ይበዛና ዘይቱ ሲያልቅ ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል፤ ሞተሩም በሙቀት ተጣብቆ ይቀራል። ጠብታይቱን በጊዜዋ ለማቆም ግን የሚፈለገው ጥቂት ትዕግሥትና ጥቂት እውቀት ብቻ ነበረ።

በሞተር ሥራ ታሪክ ውስጥ ትንሹን ነገር ባለመናቁ ስሙ ከፍ ብሎ የሚነገርለት አንድ ሰው አለ። እርሱም እንግሊዛዊው ሄንሪ ሮይስ ነው። የዚህን ሰው ታሪክ ለትምህርት ቤታችን አንባቢዎች ለማቅረብ ያሰብነው፣ ከባለጸግነቱ ይልቅ አሠራሩ ለተማሪ የሚጠቅም ስለ ሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፍሬድሪክ ሄንሪ ሮይስ ማርች 27 ቀን 1863 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አልዋልተን በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። ለወላጆቹም ከአምስቱ ልጆች የመጨረሻው ነበረ። አባቱ ጄምስ ወፍጮ ቤት ተከራይቶ ዱቄት በማስፈጨት ይኖር ነበር፤ ነገር ግን ሥራው ስላልተቃናለት ከስሮ ወደ ሎንዶን ሄደ። በ1872 ዓ.ም. አባትዮው ሲሞት ሄንሪ ገና የ9 ዓመት ልጅ ነበረ። ከዚያ በኋላ ጋዜጣ በመሸጥና ቴሌግራም በማድረስ እንጀራውን መፈለግ ግድ ሆነበት። ስለዚህ በልጅነቱ በትምህርት ቤት የተቀመጠበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር ከአንድ ዓመት ብዙ የሚያልፍ አልነበረም።

በ1878 ዓ.ም. አንዲት አክስቱ አዘነችለትና በዓመት 20 ፓውንድ እየከፈለች በፒተርቦሮ ከተማ በሚገኘው የምድር ባቡር ፋብሪካ ውስጥ የእጅ ሥራ እንዲማር አደረገችው። ሄንሪ በዚያ ብረት መሞረድን፣ መለካትንና መግጠምን ተማረ። ነገር ግን ሦስት ዓመት ያህል እንደ ቈየ የአክስቱ ገንዘብ አለቀና የተጀመረው ትምህርት ሳይፈጸም ቀረ። ሌላ ወጣት ቢሆን በዚህ ጊዜ ተስፋ በቈረጠ ነበር። ሮይስ ግን ሥራ ፍለጋ በእግሩ ወጣ፤ በሊድስ ከተማ በመሣሪያ ፋብሪካ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ወደ ሎንዶን ተመለሰና በኤሌትሪክ መብራት ኩባንያ ተቀጠረ። ቀን እየሠራ ማታ ማታ ስለ ኤሌትሪክ ይማር ነበር።

በ1884 ዓ.ም. የ21 ዓመት ወጣት ሳለ ያጠራቀማትን 20 ፓውንድ ይዞ፣ 50 ፓውንድ ካዋጣው ከወዳጁ ከኧርነስት ክሌርሞንት ጋር በማንቸስተር ከተማ በኩክ መንገድ ትንሽ የሥራ ቤት ከፈተ። በመጀመሪያ የኤሌትሪክ ደወልና የመብራት ዕቃ ይሠሩ ነበር፤ ኋላም ኤሌትሪክ የሚያመነጭ ዲናሞና ከባድ ዕቃ የሚያነሣ ክሬን ወደ መሥራት ተሻገሩ። ሥራቸው ጽኑና የማይበላሽ ስለ ነበረ ስማቸው ታወቀ። ሮይስ ግን ሥራ ከያዘ ምግብ መብላቱን እስኪረሳ ድረስ ራሱን የማይጠብቅ ሰው ነበረ። ይህም ጠባዩ በኋለኛው ዘመኑ ብዙ ዋጋ አስከፍሎታል።

በ1903 ዓ.ም. ሮይስ ዴኮቪል የምትባል በፈረንሳይ አገር የተሠራች ሁለት ሲሊንደር ያላት አሮጌ መኪና ገዛ። መኪናይቱ በዘመኑ ከሚገኙት መልካሞቹ አንዷ ብትሆንም እርሱን ደስ አላሰኘችውም። ሌላው ሰው ቢሆን ወይ ይሸጣታል፣ ወይ ያማርራል። ሮይስ ግን ክፍሎቿን አንድ በአንድ ፈትቶ መረመረ፤ የትኛው ክፍል ስለ ምን እንደሚሞቅ፣ ስለ ምን እንደሚጮኽ፣ ስለ ምን እንደሚላላ አጠና። ከዚህ በኋላ የራሱን መኪና ለመሥራት ቈረጠ። ኤፕሪል 1 ቀን 1904 ዓ.ም. የመጀመሪያይቱ የሮይስ መኪና ከኩክ መንገድ የሥራ ቤት በራሷ ኀይል ወጣች።

በዚያው ዓመት ሜይ 4 ቀን በማንቸስተር ከተማ በሚድላንድ ሆቴል ከቻርልስ ሮልስ ጋር ተገናኘ። ሮልስ የመኰንን ልጅ፣ በኬምብሪጅ የተማረና በሎንዶን መኪና የሚሸጥ ወጣት ነበረ። አንዱ ጋዜጣ ሲሸጥ ያደገ፣ ሁለተኛው በሀብት የተወለደ ሲሆኑ ለመልካም ሥራ ያላቸው ፍቅር አስተባበራቸው። ሮይስ ሊሠራ፣ ሮልስ ሊሸጥ ተስማሙ፤ በ1906 ዓ.ም. የሁለቱን ስም የያዘው ሮልስ ሮይስ ኩባንያ ተቋቋመ።

ነገር ግን ችግር ወዲያው መጣ። ኩባንያው የሠራው 30 የፈረስ ጉልበት ያለው ስድስት ሲሊንደር ሞተር፣ ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ጠማማ ዘንግ፣ ማለት ክራንክ ሻፍቱ፣ እየተሰበረ አስቸገረ። ረጅም ዘንግ በየፒስቶኑ ምት እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ጥቂት ይጠመዘዝና ይመለሳል፤ ይህ መንቀጥቀጥ በአንድ ዐይነት ፍጥነት ላይ ሲገጥም እየጨመረ ሄዶ ዘንጉን ይሰብረዋል። ሮይስ የተሰበረውን በአዲስ እየለወጠ ሊቀመጥ አልወደደም፤ ስብራቱ ከየት እንደ መጣ እስኪያገኝ ድረስ መረመረ። ስለዚህ በአዲሱ 40/50 በተባለው ሞተር ዘንጉን አወፈረው፤ በሰባት ኩሽኔታም ደገፈው፤ ዘይቱም በፓምፕ ተገፍቶ ወደ ኩሽኔታዎቹ እንዲደርስ አደረገ። ኋላም የዘንጉን መንቀጥቀጥ በሰበቃ የሚያበርድ መሣሪያ በዘንጉ የፊት ጫፍ ላይ ተጨመረ።

እንግዲህ ይህ የዘንጉ የፊት ጫፍ በመግቢያችን ያነሣናት ጠብታ ብዙ ጊዜ የምትወጣበት ስፍራ ነው። ዘንጉ ቺንጋውን የሚያዞረውን ፑሌጃ ለመሸከም የሞተሩን የፊት ክዳን በስቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ዘንጉ መዞር አለበት፤ ዘይቱ ግን መውጣት የለበትም። በሮይስ ዘመን ይህን በር የሚጠብቁት የሱፍ ወይም የቈዳ ቀለበቶችና ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚወረውሩ ብረቶች ነበሩ። ዛሬ የሚጠብቀው መካኒኮች ፓራኦሊዮ የሚሉት ከንፈር ያለው የጎማ ቀለበት ነው። ጎማውም በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ይደርቅና ዘይት ማሳለፍ ይጀምራል።

ይህን ለመጠገን የሚነሣ ሰው የሮይስን ትምህርት ቢከተል ይጠቀማል። ትምህርቱም ከመለወጥ በፊት መመርመር ነው። ዘይት ወደ ታች ይፈስሳል፤ ነፋስም ወደ ኋላ ይነዳዋል። ስለዚህ ጠብታይቱ የወደቀችበት ስፍራ የወጣችበት ስፍራ ነው ማለት አይደለም። ሞተሩ አስቀድሞ በደንብ ታጥቦ ይድረቅ፤ ከዚያም ጥቂት ጊዜ ተነሥቶ ከሠራ በኋላ ይጥፋና ከላይና ከፊት ጀምሮ የመጀመሪያው እርጥበት የታየበት ስፍራ ይፈለግ። ከላይ ካለው የቫልቭ ክዳን ወይም ከፊት ክዳኑ ጓርኒሲዮን የወጣ ዘይት እስከ ፑሌጃው ወርዶ መካኒኩን ሊያታልል ይችላል።

ሁለተኛው ምርመራ የሞተሩ መተንፈሻ ነው። በፒስቶኖቹ ጎን የሚያመልጠው ጋዝ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ መተንፈሻው በቈሻሻ ከተደፈነ ግፊቱ ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ያስወጣዋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ፓራኦሊዮውን አሥር ጊዜ መለወጥ ጥቅም የለውም፤ የሚጠገነው መተንፈሻው ነውና።

ጥፋቱ በእርግጥ ከፓራኦሊዮው ከሆነ ግን የባትሪው ሽቦ ይለያል፤ ቺንጋው ይወልቃል፤ የፑሌጃው ብሎን ይፈታል፤ ፑሌጃውም በመዶሻ ሳይመታ በመንቀያ ይወጣል። ከዚህ በኋላ የጎማው ከንፈር የሚያርፍበትን የፑሌጃውን አንገት በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። ብዙ ዘመን የተፈተገ አንገት ላይ እንደ ቦይ ያለ ጭረት ይገኛል። ያ ካለ አዲሱ ፓራኦሊዮ ብቻውን አያቆመውም፤ አንገቱ ላይ ስስ የብረት እጅጌ ይለበጥበታል፣ ወይም ፑሌጃው ይለወጣል። አሮጌው ፓራኦሊዮ ሲነቀል መቀመጫው እንዳይጫር መጠንቀቅ ይገባል። የአዲሱ ከንፈር ዘይት ይቀባና ወደ ዘይቱ፣ ማለት ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ሳያዘነብል በትክክል ይገባል። ብሎኑም ፋብሪካው በወሰነው ልክ ይጠብቃል፤ በመጨረሻም የዘይቱ መጠን ይታያል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ1907 ዓ.ም. ኩባንያው የብር መንፈስ የሚል ትርጉም ያለው ሲልቨር ጎስት የተባለውን መኪና በሕዝብ ፊት ለማስፈተን ወሰነ። መኪናው የንጉሣዊው የአውቶሞቢል ክበብ ታዛቢዎች እየተቈጣጠሩት በሎንዶንና በግላስጎ መካከል እየተመላለሰ ሞተሩ በጉዞ ላይ ሳይቆም 14,371 ማይል፣ ወይም 23,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደ። ከዚያ በፊት ሳይታሰብ የቆመው በአንዲት ትንሽ ነገር ምክንያት ነበር፤ የቤንዚኑ መዝጊያ በመንገዱ መንቀጥቀጥ ራሱ ተዘግቶ ነበርና ነው። ፈተናው ሲፈጸም መኪናው ተፈትቶ ተመረመረ፤ ያረጀውን ሁሉ ለማደስ ያስፈለገው ዋጋ ከ2 ፓውንድ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ።

ክብሩ እንዲህ ሲጨምር ኀዘንም ተከተለ። ሮልስ ጁላይ 12 ቀን 1910 ዓ.ም. በቦርንማውዝ በአይሮፕላን አደጋ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ሮይስ ራሱ በጽኑ ታመመ፤ ሐኪሞችም ጥቂት ወር እንኳ መኖሩን ተጠራጠሩ። ለሞተር ጠብታ ዘይት የሚጨነቀው ሰው ለገዛ ሰውነቱ ምግብና ዕረፍት ነፍጎት ኖሮ ነበር። ሌላውን ሁሉ ሲመረምር ራሱን ግን አልመረመረም። ከዚያ ወዲህ በፈረንሳይ አገር በባሕር ዳርና በደቡብ እንግሊዝ ተቀመጠ፤ በደርቢ ከተማ ወደ ተሠራው ፋብሪካም እንደ ቀድሞው ሊመላለስ አልቻለም። ቢሆንም ሥራውን አልተወም። ጥቂት ነዳፊዎች ከአጠገቡ ተቀምጠው እርሱ የሚያስበውን በወረቀት እየነደፉ ወደ ፋብሪካው ይልኩ ነበር። ሐኪሞች ያሳጠሩት ዕድሜም ከሃያ ዓመት በላይ ሆነ።

በዚህ በሕመም ዘመኑ የሠራው ሥራ ከቀድሞው የሚያንስ አይደለም። ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራው ኢግል የተባለው የአይሮፕላን ሞተር፣ በ1919 ዓ.ም. አልኮክና ብራውን የአትላንቲክን ውቅያኖስ ሳያርፉ የተሻገሩበትን አይሮፕላን አበረረ። በ1929 እና በ1931 ዓ.ም. በሽናይደር ዋንጫ ውድድር ያሸነፉት የእንግሊዝ አይሮፕላኖችም በእርሱ ኩባንያ ሞተር የሚበሩ ነበሩ። በ1930 ዓ.ም. የሰር ማዕርግ ተሰጠው፤ እርሱ ግን ራሱን መካኒክ ብሎ መጥራት ይወድ ነበር።

ሰር ሄንሪ ሮይስ ኤፕሪል 22 ቀን 1933 ዓ.ም. በዌስት ዊተሪንግ በ70 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑ ተቃጥሎ የነበረ ሲሆን አመዱ በኋላ ወደ ተወለደባት ወደ አልዋልተን መንደር ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ። በመጨረሻ ዘመኑ የተጀመረው መርሊን የተባለው ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው እርሱ ከሞተ ከስድስት ወር በኋላ ነበር። በ1940 ዓ.ም. እንግሊዝን ከአየር የጠበቁት ስፒትፋየርና ሀሪኬን የተባሉት የጦር አይሮፕላኖች የበረሩት በዚህ ሞተር ነው።

ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ከዚህ ሰው ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ ጥፋት በታየ ጊዜ ላዩን ጠርጎ ከማለፍ ይልቅ ምንጩን መፈለግ እንደሚገባ ነው። በሒሳብ ደጋግሞ የሚሳሳት ተማሪ መልሱን ብቻ ከመሠረዝ ይልቅ የተሳሳተበትን መሥመር ቢፈልግ፣ ፓራኦሊዮውን ከመለወጡ በፊት መተንፈሻውን እንዳየው መካኒክ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ሮይስ በሕመሙ ያስተማረን ነው። ሰውነትም ጥበቃ የሚሻ ሞተር ነው፤ ትንሽ ድካም፣ ትንሽ ረኃብ፣ ትንሽ የእንቅልፍ እጦት በየቀኑ ሲንጠባጠብ ቈይቶ አንድ ቀን ሰውን ያቆመዋል። ስለዚህ በሥራችን እንደ ሮይስ እንትጋ፤ ራሳችንን በመጠበቅ ግን ከእርሱ እንብለጥ።