እቴጌ ምንትዋብ በስደትና በእርጅና

የቡሬና የፍኖተ ሰላም ምእመን እቴጌ ምንትዋብን የጎንደር ብቻ አድርጎ ሊቈጥራቸው አይገባም፤ ልጃቸው ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የጎጃሙን ደጃዝማች ዮሴዴቅን አግብተው ራስ ኃይሉን ወልደዋልና።

የቋራ ተወላጅ የሆኑት እኚህ እመቤት የዐፄ በካፋ ሚስት ነበሩ። ባላቸው በ1723 ዓ.ም. ቢያርፉ ከሕፃን ልጃቸው ከዐፄ ኢያሱ ጋር ነገሡ። በጎንደር ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን፥ በጣና ናርጋ ሥላሴን አሳነፁ። በናርጋው ሥዕል በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ፤ የዘውድ ባለቤት እንዲህ ሆኖ መሣልን መውደዱን እኛ እንደ ቀላል ነገር አናየውም።

ነገር ግን እምነታቸው የተፈተነው በሕንፃ ሥራ አይደለም። ልጃቸው በ1747 ዓ.ም. ዐረፉ። የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ፤ ራስ ሚካኤልም የሌላይቱ ልጃቸው የወይዘሮ አስቴር ባል ነበሩ። ቍስቋም እመቤታችን ልጇን ይዛ የተሰደደችበት መታሰቢያ ነው። ደብሩን የተከሉት እናትም በስተርጅና ራስ ሚካኤልን ሸሽተው ወደ ጎጃም ተሰደዱ። በዚያ ዘመን ቡሬ ያለበት ዳሞት ራስ ሚካኤልን የወጉት የደጃዝማች ፋሲል ግዛት ነበረ።

ኋላም ወደ ደብራቸው ተመልሰው በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ። የእርሳቸው፥ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ዐፅም በቍስቋም በአንድነት ይገኛል።